ቲኒያን፡ ሸንኮራ የበቀለበት የጦር ሜዳ

የሂሮሺማን ታሪክ ሁላችንም ተምረናል፡፡ የአውሮፕላኑን ስም፣ የቦምቡን ስም፣ ቀኑን ሳይቀር ለፈተና ሸምድደናል፡፡ ግን አውሮፕላኑ ከየት ነበር የተነሣው? «ከአሜሪካ ነዋ!» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ አስተማሪዎቻችንም አልነገሩንም፡፡

የተነሣው በምዕራብ ፓሲፊክ ከምትገኝ ቲኒያን ከምትባል ደሴት ነው፡፡ ስፋቷ የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ ቢያክል ነው፡፡ በዚህች ትንሽ መሬት ላይ በ1945 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ከዓለም ትልቁ የተባለለት የከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ ነበረ፡፡ ስሙ ኖርዝ ፊልድ ይባላል፡፡ ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ደግሞ እስኪ ስለ መሬቱ እናውጋ፡፡

ሳይጠየቁ የተላለፉ ሰዎች

የደሴቲቱ ጥንታዊ ነዋሪዎች ቻሞሮዎች ናቸው፡፡ ስፔን ደሴቶቹን ስትይዝ ሰዎቹን ከቲኒያን አንሥታ ወደ ጉዋም ወሰደቻቸው፡፡ በ1899 ደሴቲቱን ከጎረቤቶቿ ጋር ለጀርመን ሸጠቻት፡፡ በ1914 ጃፓን ከጀርመን ነጠቀች፡፡ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የመንግሥታት ማኅበር «በሞግዚትነት አስተዳድሪ» ብሎ ለጃፓን አጸደቀላት፡፡ አዎ፣ በ1936 ንጉሠ ነገሥታችን ጄኔቫ ድረስ ሄደው አቤት ያሉበት ያው ማኅበር ነው፡፡

ከዚያ የጃፓን ስኳር ኩባንያ መጣ፡፡ ደኑ ተመንጥሮ ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሸንኮራ አገዳ ለበሰች፡፡ ጦርነቱ ሲደርስ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ይኖሩባት ነበር፤ አብዛኞቹ ከኦኪናዋ የመጡ ድሃ ገበሬዎች ናቸው፡፡ በሰሜኑ ጫፍ፣ ኡሺ በሚባለው ቦታ፣ የጃፓን ጦር አንድ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሠራ፡፡ የሜዳው ታሪክ እዚያ ጋ ይጀምራል፡፡

ለምን ቲኒያን?

መልሱ ርቀት ነው፡፡ አሜሪካ ቢ-29 የተባለ አዲስ ከባድ ቦምብ ጣይ ሠርታ ነበር፡፡ ከቲኒያን እስከ ቶኪዮ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢ-29 ደግሞ ቦምብ ተሸክሞ ይህን ሄዶ መመለስ ይችላል፡፡ በዚያ ላይ ደሴቲቱ ሜዳማ ናት፡፡

የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ጁላይ 24 ቀን 1944 ወረደ፡፡ በዘጠነኛው ቀን «ደሴቲቱ ተይዛለች» ተባለ፡፡ ስምንት ሺህ ገደማ የሚሆነው የጃፓን ጦር ከሞላ ጎደል አለቀ፡፡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎችም አለቁ፤ ከገደል ራሳቸውን የወረወሩም ነበሩ፡፡ የተረፉት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ቹሮ በሚባል ካምፕ ውስጥ በአጥር ተከለሉ፡፡ እነሱ እዚያ ሆነው፣ አገዳ የተከሉበት መሬት በቡልዶዘር ይታረስ ጀመር፡፡

ሥራውን የያዙት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የግንባታ ሻለቆች፣ «ሲቢስ» የሚባሉት ናቸው፡፡ ወደ 15 ሺህ ሰው ተሰማራ፡፡ የኮራል ድንጋይ በፈንጂ እየተፈነቀለ፣ እየተፈጨ፣ እየተዳመጠ፣ ላዩ አስፋልት እየለበሰ አራት ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን ተዘረጉ፡፡ እያንዳንዳቸው 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ የመጨረሻው በሜይ 1945 አለቀ፡፡ አራት ያስፈለገው በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች በአንድ ሌሊት ተከታትለው መነሣት ስለነበረባቸው ነው፡፡ ደሴቲቱ በቅርጿ ማንሃታንን ትመስላለች ብለው መንገዶቿን ብሮድዌይ፣ 42ኛ ጎዳና እያሉ ሰየሟቸው፡፡ የነበሩት ስሞች ጠያቂ አልነበራቸውም፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፡፡ አቶሚክ ቦምብ ከመጣሉ በፊትም ሜዳው ሥራ አልፈታም፡፡ ከማርች 9 ለ10 አጥቢያ 1945 ከጉዋም፣ ከሳይፓንና ከቲኒያን ከ300 በላይ ቢ-29ዎች ተነሥተው ቶኪዮን በእሳት አጋዩ፡፡ በዚያች አንድ ሌሊት ወደ 100 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል፡፡ ይህን ግን ለፈተና አልሸመደድነውም፡፡

ሁለቱ ጉድጓዶች

ጁላይ 26 ቀን ኢንዲያናፖሊስ የተባለችው መርከብ የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ ዋና ዋና ክፍሎች ቲኒያን አራገፈች፡፡ ከአራት ቀን በኋላ በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች፡፡

ቦምቡ ከአራት ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ ውፍረቱም በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር የሚያስገባው አልሆነም፡፡ ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፈረ፡፡ ቦምቡ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ ላዩ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ቦምቡ በሊፍት ወደ ላይ ይገፋል፡፡ በዚያ ሜዳ ላይ ቢ-29ዎች ሲነሡ ተከስክሰው ያውቃሉና፣ ይኼኛው ቢከሰከስ ደሴቲቱ ራሷ ትጠፋለች ተብሎ ተፈራ፡፡ በዚህ ምክንያት ቦምቡ ለመፈንዳት የተዘጋጀው አውሮፕላኑ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ነው፡፡

ኢኖላ ጌይ ኦገስት 6 ከሌሊቱ 8፡45 ላይ ተነሣ፡፡ ቦክስካር ደግሞ ኦገስት 9 ናጋሳኪን ለመታው ጉዞ ከዚሁ ሜዳ ወጣ፡፡ እስከ 1945 መጨረሻ በሂሮሺማ 140 ሺህ፣ በናጋሳኪ 70 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፡፡

ጫካውና ቡልዶዘሩ

ጦርነቱ ሲያልቅ ኦኪናዋውያኑ ተጭነው ተመለሱ፤ ወታደሮቹም ሄዱ፡፡ ማኮብኮቢያዎቹን ጫካ ዋጣቸው፡፡ ቻሞሮዎች ዳግም በቲኒያን የሰፈሩት በ1948 ነው፤ ከያፕ ደሴት መጥተው፡፡ በ1970ዎቹ ሰሜን ማሪያና ደሴቶች ከአሜሪካ ጋር ሲዋሐዱ፣ ከቲኒያን ሁለት ሦስተኛው ለአሜሪካ ጦር በኪራይ እንዲሰጥ የውሉ አካል ሆነ፡፡ ኖርዝ ፊልድ በ1985 በብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ፤ ሁለቱ ጉድጓዶችም በ2004 ተከፍተው ጎብኚ እንዲያያቸው መስታወት ተደረገላቸው፡፡

ታሪኩ በመስታወት ተዘግቶ ቢቀር ጥሩ ነበር፡፡ ግን በ2023 መጨረሻ የአሜሪካ አየር ኃይል ሜዳውን መልሶ ሊጠቀምበት እንደሆነ አስታወቀ፤ በማግስቱ ዓመት የጫካው ምንጠራ ተፋፋመ፡፡ አሁን ሥጋቱ ቻይና ናት፡፡ የጦር አዛዦች ዛሬም እንደ 1944ቱ ካርታ ዘርግተው ርቀት ይለካሉ፡፡

ሁለት ሺህ ገደማ የሚሆኑት የደሴቲቱ ነዋሪዎች በአንድ ሐሳብ የሚስማሙ አይደሉም፡፡ ሥራና ገንዘብ ይመጣል የሚል አለ፤ እንደገና የጥቃት ዒላማ እንሆናለን የሚልም አለ፡፡ ሁለቱም እውነት አላቸው፡፡ እኛ ግን ስለ ጦርነት ስናነብ ከአውሮፕላኑ መስኮት ብቻ ቁልቁል ማየት ለምዶብናል፡፡ ከዚያ ከፍታ ቲኒያን ባዶ መሬት ትመስላለች፤ ባዶ ሆና ግን አታውቅም፡፡ በሚቀጥለው ጊዜ «ስልታዊ ቦታ» የሚል ቃል ዜና ላይ ስንሰማ፣ እዚያ ማን ይኖራል ብለን ብንጠይቅ ምን ይለናል?