የአጼ ገላውዴዎስ መልስ

በ1555 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር አጼ ገላውዴዎስ በግእዝ አንድ የሃይማኖት መግለጫ አወጡ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ተረጋግቶ ለሚያነብ ሰው አንድ ሰዓት አይፈጅም። የወጣው ግን ለክስ መልስ ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት ኢየሱሳዊው ቄስ ጎንሳሎ ሮድሪጌስ ህንድ ውስጥ ካለችው ጎአ ተልኮ ንጉሡ ዘንድ ደርሶ ነበር። ላቲኖቹ፣ ማለትም የሮም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚያነሡት ወቀሳም የታወቀ ነው፦ ይገረዛሉ፣ ቅዳሜን ያከብራሉ፣ የእርያ ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ በክርስቶስ እያመኑ ከኦሪት ሥር አልወጡም የሚል።

ንጉሡ የፖርቱጋሎች ባለውለታ ነበሩ። በ1541 በክርስቶፎሮ ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል ወታደሮች ለእርዳታ መጥተው፣ በ1543 የንጉሡ ባላጋራ ኢማም አሕመድ ወይና ደጋ ላይ እስኪወድቁ ድረስ ከኢትዮጵያውያን ጎን ተዋግተዋል። ገላውዴዎስ ግን በውለታ ሃይማኖት አልለወጡም። ልማዳቸውን አልካዱም፤ የልማዱን ምክንያት ገለጹ እንጂ።

ስለ ግዝረት የሰጡት መልስ ከሁሉ ያስደንቀኛል። የምንገረዘው እንደ አይሁድ አይደለም ይላሉ፤ መገረዝም ሆነ አለመገረዝ እንደማይጠቅም፣ የሚጠቅመው አዲስ ፍጥረት መሆን እንደሆነ ከጳውሎስ ተምረናል። ታዲያ ለምን ይገረዛሉ? የአገር ልማድ ስለሆነ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደመብጣት፣ በህንዶችም ዘንድ ጆሮን እንደመብሳት ያለ። ኦሪት የቃል ኪዳን ምልክት ያለችውን ነገር ንጉሡ ከፊት ብጣትና ከጆሮ ቀዳዳ ጋር አንድ ላይ አስቀመጡት። መዳን በሥጋ ምልክት አይደለም ለማለት ከዚህ የተገለጠ አነጋገር አላውቅም።

በቅዳሜም ነገር እንዲሁ ናቸው። አይሁድ በሰንበት ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነድዱም፣ እንጀራ አይጋግሩም፤ እኛ ግን ቁርባን እናቀርብበታለን፣ የፍቅር ማዕድም እናደርግበታለን ይላሉ። የእርያ ሥጋን በሚመለከት ደግሞ የሚበላውን እንደማይንቁ፣ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ ጻፉ።

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። በ49 ዓ.ም. ገደማ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያት ከአሕዛብ ወገን ያመኑት እንዲገረዙ አይገደዱ ብለው ወስነው ነበር። ይህን መግለጫ እንግዳን ለማባበል የተጻፈ የዲፕሎማሲ ወረቀት አድርጎ መቁጠር ስህተት ይመስለኛል፤ መሠረቱ ያ የሐዋርያት ውሳኔና የጳውሎስ ትምህርት ነውና።

የአገሩ ታሪክ ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ እንዳልነበረ መደበቅ ግን አይገባም። ቀደም ሲል ቅዳሜን በማክበራቸው የተገፉት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ነበሩ። በ1450 አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሁለቱን ሰንበታት፣ የቅዳሜንና የእሑድን፣ ክብር አጸኑ፤ የእምነት ልማድ የነበረው የመንግሥት ትእዛዝ ሆነ። ገላውዴዎስ ከመቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ቅዳሜ አከበሩ፤ በመግለጫቸው ግን ቅዳሜን ለማያከብር ቅጣት የሚል ቃል የለም።

ንጉሡ በ1559 በጦር ሜዳ ሞቱ። ቆይቶ አጼ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው የቅዳሜን አከባበር በአዋጅ ከለከሉ፤ አሁን ደግሞ ማክበሩ ሳይሆን መተዉ ግዴታ ሆነ። አገሩ በአመፅ ተናወጠ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።