ባክስፔስ ከሹመቱ የወረደበት ሰሞን

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁልፍ ነው። ባክስፔስን ታውቁታላችሁ፤ ፊደል ስንስት የምንሮጠው ወደ እሱ ነው። ይህ ቁልፍ ለብዙ ዓመታት ሌላ ሥራም ነበረው፤ ኢንተርኔት ላይ ገጽ እያነበባችሁ ስትነኩት ወደ ቀደመው ገጽ ይመልሳችኋል። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ሹመት። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ብሮውዘር እንዲህ ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የመጣው የጉግል ክሮምም በዊንዶውስ ላይ ይኸው ልማድ ነበረው።

ጣጣው ሁለቱ ሹመቶች የተጋጩ ዕለት ነው። ጠቋሚው መጻፊያ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ፊደል ይጠፋል፤ ከሳጥኑ ወጥቶ ከሆነ ግን የሚጠፋው ገጹ ነው። ሰውየው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ፣ ደቂቃ እየተቆጠረበት የዲቪ ፎርም ይሞላል እንበል። የራሱን ስም ጻፈ፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የልደት ቀናቸውን። አንዲት ፊደል ሊያርም ባክስፔስን ነካ። ለካ ቅድም ማውሱን ሌላ ቦታ ተጭኖት ኖሯል! ፎርሙ እልም።

የክሮም ሰዎች ይህን እሮሮ ለዓመታት ሲሰሙ ከረሙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁልፉን ለፍርድ አቀረቡትና ቁጥር አወጡ። በባክስፔስ ወደ ኋላ የሚኬደው ከሚከፈቱት ገጾች በ0.04 በመቶው ነበር፤ ከ10,000 አራት ማለት ነው። የቸኮለ ዳኛ «አራት? ይቆረጥ!» ብሎ መዶሻውን ይመታ ነበር። እኔ ግን በዚህ ቁጥር ብቻ አልፈርድም። እንደ ክሮም ብዙ ሕዝብ በሚጠቀምበት ነገር ላይ ከ10,000 አራቱ ራሱ የትየለሌ ነው፤ በባክስፔስ መመለስ የለመዱ ሰዎች ደግሞ እጃቸው ሳያስቡት የሚሄደው ወደዚያው ቁልፍ ነው።

ፍርዱን የሚያከብደው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ፎርም ከተነካካ በኋላ የተደረገው መመለስ ከተከፈቱት ገጾች 0.005 በመቶ ነበር። አካፍሉት እንግዲህ፤ በባክስፔስ ከተደረጉ ስምንት መመለሶች አንዱ የመጣው ሰው ፎርም ከነካካ በኋላ ነው። ቆጣሪው ስንቱ አስቦበት፣ ስንቱ ደንግጦ እንደነካው አይለይም። ኪሳራቸው ግን እኩል አይደለም፤ አቋራጩን የተነጠቀ ሰው ሌላ ቁልፍ ይለምዳል፣ ፎርሙ የጠፋበት ሰው ከስሙ ጀምሮ እንደገና ይጽፋል።

ሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ክሮም 52 ወጣና ባክስፔስ አንዱን ሹመት ተነጠቀ። ቁልፉን ለለመደ ሰው «አልት እና የግራ ቀስት ተጫን» የሚል መልእክት ብቅ ይልለት ጀመር። አቋራጩን የለመዱት ዝም ብለው ይቀመጣሉ? ጮኹ እንጂ! ጉግልም ብዙ ሳይቆይ የድሮውን ልማድ የሚመልስ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ራሱ ሠርቶ አወጣ። በፊት በር ያስወጡትን በጓሮ አስገቡት፤ አልነቅፋቸውም፣ የሚፈልገው ፈልጎ ይጫነው።

ሌላው ብሮውዘር ፋየርፎክስ አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ተከተለ። መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 87ኛው እትም ባክስፔስን ከመመለስ ሥራው አወረደው፤ ምክንያቱ ያው የሚጠፋው ፎርም ነው። የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ ግን ቅንብሩ ውስጥ ስለ ባክስፔስ አንዲት መስመር ትቷል፤ እሷን ወደ 0 የለወጠ ሰው የድሮ ልማዱን ያለ ምንም ኤክስቴንሽን ያገኛል። እኔ ብሆን የማደርገው እንደ ሞዚላ ነበር።