አርባ ስምንቱ የወላይታ ምእመናን

በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሶዶ አጠገብ ካለው የኦቶና ግቢ 19 ሚሲዮናውያንና 7 ልጆች በጣሊያን ጦር መኪና ተጭነው ወደ አዲስ አበባ ተነሡ። ጦርነቱ ወላይታ ደርሷል፤ የፋሺስት መንግሥትም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንት በደቡብ እንዲቀመጥ አልፈለገም። ከኋላ የቀሩት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ማንበብ የሚችሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ የለም። ዞር ብሎ የሚያማክር መምህር የለም።

ጣሊያን በ1933 ከተባረረ በኋላ ወሬው ሲሰማ ግን የምእመናኑ ቁጥር ወደ 10 ሺህ፣ አጥቢያዎቹም ከ100 በላይ ይገመቱ ነበር። ይህ ታሪክ በወንጌላውያን ዘንድ እንደ ተአምር ይተረካል። ተአምር ነው ብሎ ለሚያምን ሰው እንኳ፣ በማን ጓሮ፣ በየትኛው ገበያ፣ በምን ዓይነት የዕለት ሥራ እንደተፈጸመ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ወላይታ ክርስትናን ያወቀው በዚያ ጊዜ አይደለም። የኦርቶዶክስ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን በዳሞትና በወላይታ ምድር እንዳስተማሩ ይናገራል። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በአፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፈው ሲማረኩ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት በየከተማው ተተከሉ። ዳሩ ግን ከሠራዊቱና ከገባር ሥርዓቱ ጋር የመጣ ሃይማኖት በገጠሩ ጭሰኛ ልብ ውስጥ ምን ዓይነት ስፍራ ሊይዝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሰላሌ ወይም ጎጃም ያለ ገበሬ የሚያውቀው የደብር ሕይወት፣ ማኅበሩና ጽዋው፣ እዚህ በአብዛኛው የሹማምንቱና የነፍጠኛው ሆኖ ቆየ።

በመካከሉ ከጋሞ በኩል አንድ ሰው መጣ። ስሙ ኤሳ ላሌ ይባላል። የሰማይና የምድር ፈጣሪ የሆነውን አንዱን ጦሳ ብቻ አምልኩ፣ ለመናፍስት መሠዋት ይቅር፣ አትስረቁ፣ አትዋሹ እያለ በየቀበሌው ሰበከ። የቤቱ አባወራ ቤተሰቡን ሰብስቦ ጣቱን ማር ውስጥ እየነከረ ወደ ሰማይ በመርጨት እንዲጸልይ አስተማረ ብለው ሽማግሌዎች ይተርካሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ጸሎቱ ከቃልቻው ደጅ ወጥቶ ወደ አባወራው ጓዳ ገባ። ኋላ ወንጌል የሰሙ ብዙ የወላይታ ሰዎች፣ ነገሩ ፈጽሞ አዲስ ያልሆነባቸው ኤሳ አስቀድሞ ስላዘጋጃቸው እንደሆነ መስክረዋል።

አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ሲጓዙ ዓላማቸው ጅማ ነበር። ሳያስቡት ወላይታና ሲዳማ ቀሩ። በሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ስም ኦቶና ላይ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ቋንቋ ተማሩ፣ መተርጎም ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ነው፤ ስድስት ዓመት ለ10 ሰው መሆኑ ነው። የዘገየበት አንዱ ምክንያት ሚስዮኑ የያዘው አቋም ነበር። ለአገልጋይ ከውጭ ገንዘብ ደመወዝ አይከፈልም፣ የጸሎት ቤቱን የሚሠሩት ምእመናኑ ራሳቸው ናቸው፣ የሚያስተዳድሩት ሽማግሌዎችም ከመካከላቸው ይመረጣሉ። በዚያን ጊዜ ይህ ጭካኔ የመሰለው ሰው አይጠፋም። ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ ግን የሚቋረጥ ደመወዝ፣ የሚፈርስ ቢሮ አልነበረም።

ለአማኙ ኑሮው ቀላል አልሆነም። ለመናፍስት የሚታረደውን በግ እምቢ ያለ ሰው ዘመዱን ያስቀይማል። መጠጥና ትምባሆ የተወ ሰው ከጎረቤቱ ጨዋታ ይለያል። ዝናብ ሲጠፋ፣ እንሰቱ ሲታመም፣ ልጅ ሲያተኩሰው ጣቱ ሁሉ የሚቀሰረው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔርን መታመን ማለት እሑድ የሚዘመር ዝማሬ ብቻ አልነበረም፤ ሰኞ ማለዳ የታመመ ልጅ ታቅፎ ወደ ቃልቻው ቤት ላለመሄድ መጨከንን ይጠይቅ ነበር።

ጣሊያን ከገባ በኋላ የአካባቢው ሹማምንት አዲሶቹን ምእመናን ከእንግሊዞች ጋር እንደሚያብሩ አድርገው ከሰሷቸው። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። መሪዎች በአለንጋ ተገረፉ፣ ታሰሩ። ከእነሱ መካከል ዋንዳሮ ደባሮና ጦሮ ዱቡሾ ዛሬም ድረስ በስም ይታወሳሉ። ሁለቱም ክፉኛ ተደብድበዋል፤ ዋንዳሮ በወኅኒ ረጅም ጊዜ ተቀምጦም እዚያው ለእስረኛው መስበኩን አላቋረጠም።

የነገሩ እምብርት ያለው እዚህ ወኅኒ ላይ ይመስላል። በአገራችን እስረኛን የሚመግበው መንግሥት ሳይሆን ቤተሰቡ ነበር፤ ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ የሌለው እስረኛ በረሃብ ያልቃል። የወላይታ ምእመናን ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ያመላልሱ ጀመር። ከአንዱ ጎሣ የሆነ ለሌላው ጎሣ ሰው፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ለማያውቀው እስረኛ የበቆሎ ቂጣውንና ቆጮውን ተሸክሞ በር ላይ ይቆማል። የሚመጣው ከሚበላው በልጦ ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞችም ይተርፍ እንደነበር ተጽፏል። ጠባቂውም፣ እስረኛውም፣ ገበያተኛውም ይህን በዓይኑ ያያል። «ይህ ሰው ላንተ ምንህ ነው?» የሚለው ጥያቄ በራሱ የስብከት መግቢያ ሆነ። ከሶዶ ወኅኒ የተፈታው ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ የሚያወራው ስለ ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳበላው ጭምር ነው።

እርግጥ ነው፣ የታሪክ ተመራማሪዎች ሌሎች ምክንያቶችንም ያነሣሉ። የገባሩ ሥርዓት በወረራው ፈርሷል፣ የአሮጌው ሥልጣን ክብር ተሸርሽሯል፣ ሕዝቡ አዲስ መጠጊያ ይፈልግ ነበር። ስለ ወላይታ ወንጌላውያን ሰፊ ጥናት የሠራው ፖል ባሊስኪም ኤሳ ላሌ ለጠረገው መንገድ ትልቅ ስፍራ ይሰጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ መናወጥ የደረሰው በደቡብ ሁሉ ላይ ነው፤ 48 ሰው ወደ 10 ሺህ ያደገው ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። ከዘመኑ መናወጥ በላይ የሚመዝነው ያ የስንቅ ጉዞ ነው።

እንቅስቃሴው በወላይታ ተወስኖ አልቀረም። ገና ወረራው ሳያበቃ ጀምሮ ሰዎች ወደ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና ሌሎችም አጎራባች አገሮች ወንጌል ይዘው ወጡ። ብዙዎቹ ገበሬዎች ነበሩ። ሚስትና ልጆቻቸውን አስከትለው በማያውቁት ቋንቋ መካከል ይሰፍራሉ፤ የላከቻቸው አጥቢያ ደግሞ ከምርቷ ከፍላ ትረዳቸዋለች። ማሄ ጮራሞ እስከ አሪና በና ድረስ ዘልቆ ዕድሜውን በዚያ ሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ ነው።

በደርግ ዘመን ሌላ መዘጋት መጣ። የኦቶናው ሆስፒታል ተወረሰ (ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው)፤ ከዚህ እንቅስቃሴ የወጣችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ታሸጉ፣ መሪዎች ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ መሰብሰብን ከአባቶቻቸው ስለተማሩ እንግዳ አልሆነባቸውም። በዚሁ ጨለማ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አዲስ ኪዳን በወላይትኛ ታትሞ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የተጻፉት መጻሕፍት በብዛት የሚጠሩት የወንዶችን ስም ነው፦ የተገረፈውን፣ የሰበከውን፣ የተላከውን። ሆኖም እንሰቱን የሚፍቀው፣ ቆጮውን የሚጋግረው፣ ስንቁን አዝሎ ወኅኒ ደጅ የሚሰለፈው በአብዛኛው ሴት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዳሞታ ተራራ ሥር፣ በሁምቦ፣ በቦሎሶ፣ በዳሞት ጋሌ ይኖራሉ፤ ሴት አያቶቻቸው ያወሩላቸውን የሚያስታውሱም አሉ። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ሶዶ ነው፤ አጥቢያዎቹም መዝጋቢ አያጡም። መቅረጸ ድምፅ ይዞ በየቤቱ ዞሮ የእነዚያን ሴቶች ስም በጽሑፍ ማኖር ከአሁኑ ትውልድ የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ ዕድሜ የጠገቡት ሳያልፉም መጀመር ይኖርበታል።