ድስትና ማንቆርቆሪያ፦ ስለ ግብዝነት የተነገሩ የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች በወሎ ታሪክ ሲመዘኑ

እንግሊዝኛ ከነጻነት ማግስት፣ ማለትም ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ሲተከል፣ ከሰዋስውና ከንባብ ጋር የእንግሊዞች ምሳሌያዊ አነጋገርም ወደ ክፍል ገብቷል። በደሴው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትም ሆነ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች በኮምቦልቻ የተማረ ሰው፣ «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም» የሚለውን ሳይሰማ የቀረ አይመስልም። አባባሉም ባዕድነቱ እስኪረሳ ድረስ ተለምዷል።

ስለ ግብዝነትና ስለ ማስመሰል ከተነገሩት የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች አንዳንዶቹ ግን ለወሎ ተማሪ ከመጀመሪያውም እንግዶች አልነበሩም። የበግ ለምድ የለበሰው ተኩላና በኖራ የተለሰነው መቃብር ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰዱ ስለ ሆኑ፣ የክርስቲያኑ ልጅ ፊደል ሲቆጥር ጀምሮ ያውቃቸዋል። የሙስሊሙም ልጅ «ሙናፊቅ» የሚለውን ቃል ከቁርኣን ያውቀዋል፤ 63ኛው ምዕራፍ የተሰየመው በሙናፊቆች ስም ነው። ይህ ቃል ከግዕዙ «መናፍቅ» ጋር ዘመዳሞች መሆናቸው፣ እንዲያውም ዐረብኛው ከግዕዝ ተውሶታል የሚሉ ሊቃውንት መኖራቸው፣ ለቋንቋ መምህር የማይናቅ ቁም ነገር ነው።

መምህሩን የሚፈትኑት ሌሎቹ ናቸው። እንግሊዞች የዋህ መስሎ ስለሚታይ ተንኮለኛ ሰው ሲናገሩ «በአፉ ውስጥ ቅቤ አይቀልጥም» ይላሉ፤ ይህም ጆን ሄይውድ በ1546 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምሳሌ መድበል ውስጥ ይገኛል። አማርኛ ደግሞ ለዚያው ዓይነት ሰው «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚል ስም አለው። በአንዱ ቅቤው ሳይቀልጥ ይቀራል፤ በሌላው አፉ ራሱ ቅቤ ሆኗል። ተማሪው እንግሊዝኛውን በቁሙ ቢፈታው ስለ በረዶ እንጂ ስለ ሰው የተነገረ አይመስለውም። «ቆብ መነኩሴ አያደርግም» የሚለው ግን ብዙ ማስረዳት አያሻውም፤ «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ከተባለ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፣ ይገባዋልም።

የሆነ ሆኖ፣ እነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ ነገር ሳይመረምሩ ያልፋሉ። የሚያስመስለው ሰው ማስመሰሉን ወዶ እንደ መረጠው አድርገው ይፈርዳሉ። የወሎ ታሪክ ግን ይህን ፍርድ በቀላሉ አይቀበልም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው በቤተ ክርስቲያን የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ከዘጉ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ራስ ሆኑ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ከላይ የተጠቀሰው ትምህርት ቤት የተሰየመባቸው ወይዘሮ ስሂንም የእርሳቸው ልጅና የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ሼህ ጦልሃን የመሰሉ እንቢ ብለው ሸፈቱ። ከሕዝቡ ብዙው ቀን እንደ ክርስቲያን እየታየ ሌሊት በእስልምናው ጸንቶ ይኖር እንደ ነበር ተመዝግቧል። ይህን ሕዝብ ግብዝ ማለት ይቻላልን? እዚህ ላይ ለምድ የለበሰው ተኩላ አይደለም፤ በጉ የሌላ በግ ለምድ እንዲለብስ ተገዷል።

ሌላው ምሳሌ «ድስት ማንቆርቆሪያን ጥቁር አለችው» የሚለው ነው፤ ሁለቱም በአንድ እሳት የጠቆሩ ናቸውና። ወሎ ለዚህ አባባል የሰጠችው ማስረጃ እጅግ የከፋ ነው። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሲበረታ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ለሕዝብ ሲያሳዩ፣ መንግሥት ነገሩን መሸፋፈን መረጠ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ያው ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ እየተቀላቀለበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ የቀደመውን መንግሥት የከሰሰው በረሃቡ መደበቅ ነበር። ዐሥር ዓመት ሲሞላ ግን፣ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ በሰልፍና በድግስ ሲከበር፣ በኮረም ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይረግፍ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የሠሩት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጣው የእርዳታ እህል በኮምቦልቻ ሲያልፍ፣ ለብዙዎቹ ጊዜው አልፎ ነበር።

አማርኛ ለዚህ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል። እንግሊዝኛው የሚነቅፈው የከሳሿን ድፍረት ነው፤ በምሳሌው ውስጥ ከጥላሸት በቀር የሚጎዳ ነገር የለም። በአማርኛው ግን ምግቡ ያርራል፤ በቤት ያሉትም ጦማቸውን ያድራሉ። ሁለቱን ተመሳሳይ ብሎ በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ማለፍ፣ ተማሪው ከአገሩ ታሪክ ሊያገኘው የሚችለውን ማስተዋል ማስቀረት ነው።

ማስመሰል በክፍል ውስጥም አለ። ስቶዳርት የተባሉ ባለሙያ በ1978 ዓ.ም. ባቀረቡት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶች ለትምህርት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት ወደ መሆን መድረሱን አመልክተዋል። የምሳሌ ትምህርት ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው፤ ዝርዝሩ ይጻፋል፣ ይሸመደዳል፣ ተማሪው የገባው መስሎ ይቀመጣል፣ መምህሩም ያስረዳ መስሎ ይወጣል። ሃያ ምሳሌ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከማስቀዳት ይልቅ የቅቤውን አንዱን ብቻ ጽፎ፣ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው አያቶቻቸው ስለ እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚሉ ጠይቀው እንዲመጡ ማድረግ ይቻላል። በማግስቱ የሚመጣው መልስ ከአማርኛ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከኦሮምኛም ከዐረብኛም ይኖርበታል።