በበረኪናው ገበያ ደጃፍ

የሲንሲናቲው ሳሙና አምራች ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በነሐሴ 1957 እ.ኤ.አ. የኦክላንዱን ክሎሮክስ ገዛ። ክሎሮክስ የሚሸጠው በረኪና ብቻ ነበር። በኬሚካላዊ ይዘቱ ከሌሎቹ ባይለይም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚሸጠው ፈሳሽ በረኪና 48.8 በመቶው የእሱ ነበር። ተከታዩ ፒዩሬክስ 15.7 በመቶ ነበረው።

ከግዢው በፊት የፕሮክተር የሽያጭ ማስፋፊያ ክፍል ገበያውን አጥንቶ ነበር። በአዲስ ምርት ገብቶ አጥጋቢ ድርሻ ለመያዝ ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ፣ መሪውን መግዛት ይሻላል አለ። በእኔ እምነት በኋላ ለተነሣው ክስ ቁልፉ ይህ የጥናት ሰነድ ነው። ወደ ገበያ ሊገባ የሚችል ድርጅት ምርጫውን እንዲህ በራሱ ወረቀት አስፍሮ መገኘቱ ብርቅ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግዢውን በመቃወም በዚያው በ1957 ከሰሰ፤ በ1963 ድርጅቶቹ እንዲለያዩ አዘዘ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው። ፕሮክተር በራሱ ሊገባ አስቦ እንደነበር አልተረጋገጠም የሚል ነበር አንዱ ምክንያቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሚያዝያ 1967 በዳኛ ዊልያም ዳግላስ ብዕር ኮሚሽኑን ደገፈ። ፍርዱ እንደሚለው፣ ፕሮክተር ከበረኪና ጋር የሚቀራረቡ ምርቶች ሻጭ ነው፤ በ1957 ብቻ ለማስታወቂያ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል፤ ስለዚህ ለመግባት ከሁሉ የቀረበው እሱ ነው። ገና ሳይገባ እንኳ በደጃፍ መቆሙ ውስጥ ያሉትን ዋጋ ከመስቀል ይገታል፤ መሪውን ሲገዛ ግን ያ ስጋት ይጠፋል። ከማስታወቂያ የሚገኘው ቁጠባም ግዢውን ሕጋዊ እንደማያደርገው ፍርዱ በግልጽ ተናገረ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከልክ በላይ የጠነከረ ይመስለኛል፤ የስጋቱ ክርክር ግን ከጥናት ሰነዱ ጋር ሲነበብ አሳማኝ ነው።

ክሎሮክስ በጥር 1969 ራሱን ቻለ። ፕሮክተር ወዲያው አልገባም። በ1980ዎቹ ቫይብራንት የተባለ፣ ቀለም የማይጎዳ በረኪና ሠርቶ፣ ከኦክላንድ እጅግ በራቀችው በሜይን ግዛት ፖርትላንድ ሙከራ ጀመረ። ክሎሮክስ ለከተማዋ ቤተሰቦች አንድ አንድ ጋሎን በረኪና በየደጃቸው በነጻ አደለ። ሸማቹ ለወራት የሚበቃውን ስላገኘ የቫይብራንት ሙከራ ከሸፈ። ፍርዱ የጠበቀው በራስ የመግባት መንገድ ክፍት ነበር፤ ነባሩ ግን እስከዚያ ድረስ ራሱን አጠናክሮ ጠበቀ።

ፕሮክተር በኋላ በሌላ በር መጣ፤ በ1988 ታይድ የተባለውን የልብስ ሳሙናውን ልብስ ከሚያነጣ ንጥረ ነገር ጋር ቀላቅሎ ለገበያ አቀረበ።