«ባከነ» የተባለው ውኃ
(የጆንግሌይ ቦይ አጭር ታሪክ)

በጁባ ሥር የሚያልፈው ነጭ ዓባይ ከቦር ከተማ በስተሰሜን ሲደርስ ወንዝነቱን ትቶ ሜዳ ላይ ይተኛል። ደንገልና ሣር የወረሰው ይህ ሰፊ ረግረግ ሱድ ይባላል፤ ቃሉ ዓረብኛ ሲሆን ፍችውም መዝጊያ ወይም ማገጃ ማለት ነው። ወደ ሱድ ከሚገባው ውኃ ግማሽ ያህሉ በፀሐይ ተንኖ ይቀራል። በዚህ ግማሽ ምክንያት ብዙ ዕቅድ ተነደፈ፣ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፣ የሰው ደምም ፈሰሰ። ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ጋርስቲን በ1904 ባቀረበው ሪፖርት፣ ከቦር እስከ ሶባት ወንዝ ቀጥ ያለ ቦይ ቢቆፈር ውኃው በረግረጉ ሳይባክን ወደ ግብፅ ይወርዳል የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ሶባት ማለት የእኛው ባሮ ከፒቦር ጋር ከተገናኘ በኋላ የሚጠራበት ስም ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ባከነ» የሚለው ቃል በየዕቅዱ ላይ ሰፍሮ ኖረ።

ነገር ግን ለማን ነው የባከነው? ለጥጥ እርሻ ለሚያሰላ ሰው ተንኖ የሄደ ውኃ የጠፋ ገንዘብ ነው። ዲንካው፣ ኑዌሩና ሽሉኩ ግን የሚኖሩበት ሥርዓት ሌላ ነው። በዝናቡ ወራት ውኃው ሜዳውን ሲያለብሰው ሰውና ከብት ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣሉ፤ ማሽላም በዚያው ይዘራል። በበጋ ውኃው ሲሸሽ ከሥሩ ለምለም ሣር ይበቅላል። ይህን ግጦሽ ዲንካዎች «ቶይች» ይሉታል። ከፍተኛው መሬት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ከብቱን በሕይወት የሚያቆየው ቶይች ነው። ዓሣውም ከዚያው ይገኛል። ስለዚህ ጎርፉ ሲቀንስ ግጦሹ ይጠባል፤ ግጦሹ ሲጠብ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋጫል። በ1946 ተቋቁሞ ዝርዝር ሪፖርቱን በ1954 ያወጣው የጆንግሌይ መርማሪ ቡድንም የወንዙን አፈሳስ መለወጥ የሕዝቡን አኗኗር እንደሚያናጋ አሳውቆ ነበር።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዋሽ በ1960 በቆቃ ተገደበ፤ ከዚያም በሸለቆው የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተስፋፉ። እርሻ የሆነው መሬት አፋሮች በበጋ ከብታቸውን የሚያወርዱበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ በመጣ ጊዜ መሸሻው ተወስዶባቸው ስለ ነበር፣ ረሀቡ በአፋሮች ላይ እጅግ ከበደ። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስል መሬት በዓመቱ ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ባለቤት አለው።

ወደ ሱድ እንመለስ። በ1959 ግብፅና ሱዳን ዓባይን በውል ሲከፋፈሉ፣ ከረግረጉ የሚተርፈውን ውኃም እኩል እንዲካፈሉ ተስማሙ። ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም፤ የረግረጉ ሕዝብም አልተጠየቀም። በ1972 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ስምምነት ደቡብ ሱዳን ጁባ ላይ የራሱን አስተዳደር አገኘ። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቦዩ እንደሚቆፈር ሲሰማ፣ በጥቅምት 1974 የጁባ ተማሪዎች ለሰልፍ ወጡ። የግብፅ ገበሬዎች መጥተው ሊሰፍሩ ነው የሚል ወሬም በከተማው ተናፍሶ ነበር። ወሬው ሐሰት ነበር። ሥጋቱ ግን እውነት ነበር፤ ሕዝቡ በወጉ ያስረዳው ስላልነበረ ሁለቱን መለየት አልቻለም። ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰዎችም ሞቱ።

ቁፋሮው በ1978 ከሶባት በኩል ተጀመረ። የፈረንሳይ ኩባንያ ከ2,000 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ባለ ግዙፍ መንኮራኩር መቆፈሪያ ከፓኪስታን አስመጣ። ቦዩ 360 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ታቅዶ ነበር። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አብረው እንደሚመጡ ተስፋ ተሰጥቶ ነበር፤ ቁፋሮው ሲፈጥን ተስፋው ግን ወደ ኋላ ቀረ። በአሜሪካ አዮዋ በ1981 ስለዚሁ የጆንግሌይ አካባቢ ልማት ጽፎ ዶክተር የሆነ አንድ የጦር መኮንን ነበር፤ ስሙ ጆን ጋራንግ ነው። በ1983 የኒሜሪ መንግሥት የ1972ቱን ስምምነት ሲያፈርስ ጦርነቱ እንደገና ተነሣ፤ ጋራንግም መሪው ሆነ። የካቲት 1984 ላይ በቁፋሮው ሠፈር ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ሥራው ሁለት ሦስተኛው ያህል ተጠናቆ ቆመ። ውኃ ያልገባበት ጉድጓድ እስከ ዛሬ ተጋድሞ የከብትንና የአውሬን መተላለፊያ ያሰናክላል።

እንግዲህ ሱድ እንዴት ተረፈ? በመንግሥታት ማስተዋል አይደለም። በጥይት ምክንያት ተረፈ፤ ያውም ከሃያ ዓመት በላይ በፈጀና እጅግ ብዙ ሕዝብ በጨረሰ ጦርነት። ጦርነቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ቦዩ ግን ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር። በ1974 ጥያቄውን የሚሰማ ቢገኝ ኖሮ ቢያንስ ይህ አንዱ ቅሬታ በቃል ይፈታ ነበር።

ሁለተኛው ዘመን የተሻለ ነገር አሳይቷል። ሱድ በ2006 ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጎች መዝገብ ገባ። በ2022 ከግብፅ የመጡ የቁፋሮ መሣሪያዎች ቤንቲዩ ደርሰው ሥራው ሊጀመር ሲል፣ የዚያን ጊዜው የጁባ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ጆን አኬች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ክርክሩም በይፋ ተካሄደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በቂ ጥናት እስኪደረግ ሥራው እንዲታገድ አዘዙ። ቁፋሮውን የደገፉትም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጎርፍ ከቤታቸው ያፈናቀላቸው ሰዎች ውኃው እንዲወርድላቸው መለመናቸው የሚገባ ነው። ጥናት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ የአንዱን ችግር ለማቃለል የሌላው ኑሮ እንዳይፈርስ። ሁለቱን ዘመናት የሚለያቸው ነገር ጥያቄው በጊዜው መሰማቱ ነው።

ከባሮ፣ ከጊሎና ከአኮቦ ዳር የመጣችሁ አንባቢዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ውኃው በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ ከብቱ የት እንደሚወጣ፣ ዓሣው መቼ እንደሚጠመድ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው እትም ብትልኩ፣ ልጆቻችን አንድ ቀን ስለዚያ መሬት ሲጠየቁ የሚመልሱት ይኖራቸዋል።