ሦስት ጊዜ የሚያገለግል እንፋሎት

ስኳር ፋብሪካ ሊጎበኝ የመጣ ሰው ሁሉ ወፍጮው ዘንድ ይቆማል። አገዳ ሲጨፈለቅ ያስፈራልም፣ ያምራልም፤ አልፈርድበትም። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ግን ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ኢቫፖሬተር ከምንላቸው ረጃጅም ጋኖች ሥር ነው። የነዳጁ ጉዳይ የሚወሰነው እዚያ ነው። ከ100 ኪሎ የአገዳ ጭማቂ 85 ኪሎ ገደማው ውሃ ነው፤ አብዛኛው ካልተነነ ስኳር የለም።

ድሮ በካሪቢያንና በሉዊዚያና እርሻዎች ጭማቂው የሚፈላው ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደሩ ክፍት ድስቶች ነበር። ባሪያዎች የሚንተከተከውን ጭማቂ በረጅም ጭልፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጡታል፤ ስንቱ በዚያ ሥራ እንደተቃጠለ እግዜር ይወቀው። እንፋሎቱ በከንቱ ይበናል፤ ማገዶውም አብሮት ያልቃል።

ይህን የለወጠው ኖርበርት ሪሊዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከነጭ መሐንዲስ አባትና ከጥቁር ዘር ከሆነች ነፃ ሴት ተወለደ። ፓሪስ ሄዶ በኤኮል ሴንትራል ተማረ፣ አስተማረም። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ድስቱን ዝጋው፤ ከመጀመሪያው ጋን የሚወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን ያሙቅ፣ የሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን። ግን እየበረደ የሚሄድ እንፋሎት ቀጣዩን ጋን እንዴት ያፈላል? አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላ የለ? አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ሪሊዩም ከጋን ጋን ግፊቱን እየቀነሰ፣ መጨረሻው ላይ በቫኪዩም ጭማቂውን በዝቅተኛ ሙቀት አፈላው። እንዲህ አንድ ኪሎ እንፋሎት በሦስት ጋን ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ያተናል።

የፈጠራ መብቱን በ1843 እና በ1846 አስመዘገበ። ደንበኞቹ ባሪያ አሳዳሪዎቹ ነበሩ፤ ጋኑ ጭልፋውን አስጣለ እንጂ ባሪያውን ነፃ አላወጣም። ነፃ ጥቁሮችን የሚገድበው የቀለም ሕግ እየጠበቀ ሲሄድ ሪሊዩም ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ በ1894 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ስኳር ያመርት የነበረው የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በእኛ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሥራ ሲያስጀምር፣ የሪሊዩ ዘዴ መቶ ዓመት አልፎት ነበር።

እንግዲህ ለወጣት መሐንዲሶች ሁሌ የማነሣው እንቆቅልሽ እዚህ ይመጣል። ከ100 ኪሎ አገዳ 30 ኪሎ ያህል ባጋስ፣ ማለትም ጭማቂው የወጣለት የአገዳ ገለባ፣ ይተርፋል፤ ቦይለሩን የሚያነደው እርሱ ነው። ይሁንና በዓለም ዙሪያ ብዙ የጥንት ፋብሪካዎች ቦይለራቸው አባካኝ እንዲሆን ታስቦበት ነው የተሠራው። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ቆጣቢ ቦይለር ከተገዛ ባጋሱ ግቢው ውስጥ ተራራ ይሆናል፤ ይበሰብሳል፣ እሳትም ይነሣበታል። ትርፉን በኤሌክትሪክ መልክ ልሽጥ ቢባል ገዢ የለም። ስለዚህ ማቃጠሉ ራሱ ማስወገጃ ነበር፤ ኢቫፖሬተሩ ያዳነውን ቦይለሩ ይበትነዋል።

ሞሪሺየስን የመሰሉ አገሮች የባጋስ ኤሌክትሪክን ለብሔራዊው መረብ መሸጥ ሲጀምሩ ነገሩ ተገለበጠ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ቦይለር ዋጋ አወጣ፤ እያንዳንዱ ኪሎ እንፋሎት መቆጠር ጀመረ። እኛ ጋኖቹ ሥር የነበርነውም ያን ጊዜ ድምፃችን ተሰማ፦ ቱቦው ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊት በወቅቱ ይፋቅ፣ የሚያፈስ ቫልቭ ይለወጥ ስንል የኖርነው ነገር፣ ከጥገና ክፍል ጭቅጭቅነት ወጥቶ የሥራ አስኪያጁ አጀንዳ ሆነ።